አራት ዓመት ፅኑ ሕሙማን ክፍል፣ አንድ ጠዋት ኦፕራሲዮን ክፍል

ጡረታ ከወጣሁ ሰባት ወር ሆነኝ። በሽኝቱ ዕለት የሰመመን ክፍሉ ኃላፊ አቶ ታደለ ማይክሮፎን ይዞ፣ «ሲስተር አልማዝ በሽተኛ ማስተኛት ከመማሯ በፊት አራት ዓመት ሙሉ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ሠርታለች። እኔም ለወጣቶች ዘወትር የምመክረው ይህንኑ መንገድ ነው» ሲል ተናገረ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ጋቢ አለበሱኝ፤ ኬክ ቆረስኩ፤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ታደለ ይህን መክሮ አያውቅም። መንገዱን ስመርጥ ምን እንዳለኝ አልረሳሁትም፤ ቦታው ሲደርስ እጽፈዋለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ወጣት ነርሶች ይደውሉልኛል። የሰመመን ትምህርት ዕድል ሲመጣ ወዲያው እንሂድ ወይስ አስቀድመን ፅኑ ሕሙማን ክፍል እንሥራ ነው የሚሉኝ። በስልክ «ሥሩ» ብዬ እዘጋለሁ። ሙሉው መልስ በስልክ የሚያልቅ አይደለም። ውስጡም ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ሳልነግር የቆየሁት ነገር አለ።

የተወለድኩት ቡኢ ነው። ነርስ ሆኜ መጀመሪያ የተመደብኩት ጥያ አካባቢ ሲሆን ሥራዬ በአብዛኛው ክትባት ነበር። ከዚያ ቡታጅራ ተዛወርኩና ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው በሽተኞች በሚተኙበት ክፍል ብዙ ዓመት ሠራሁ። ስለ ደመወዝና ስለ ዝውውር ደብዳቤ የማወራው የለኝም፤ የሠራበት ሁሉ ያውቀዋል።

እዚያ ሳለሁ አራት አልጋ ያለው ፅኑ ሕሙማን ክፍል ተከፈተ። የልብ ምትና ኦክስጅን የሚያሳዩ ሦስት ማሽኖች መጡ፤ አንደኛው ጎኑን ካልመቱት አይሠራም። ክፍሉን እንድትመራ የተመደበችው ሲስተር አሰለፈች ነበረች። አስተማሪ ባሏን ተከትላ ከደሴ የመጣች፣ አጭር፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ነች። በዚያው ሰሞን ለሰመመን ትምህርት የሁለት ሰው ዕድል መጣ። የተመረጥነው እኔና ታደለ ነበርን። ያኔ ታደለ እንደኔው ተራ ነርስ ነው። ደብዳቤያችን ተጽፎ ፊርማ ብቻ ሲቀረው ሲስተር አሰለፈች ጠራችኝ።

«የሰው ትንፋሽ እጅሽ ላይ ሲያጥር አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«አይቻለሁ፣ ሲስተር። ስንት ዓመት ሠራሁ እኮ።»

«አንቺ የምታዪው ካለቀ በኋላ ነው። ይጠሩሻል፣ ሮጠሽ ትደርሺያለሽ፣ አልቆ ታገኚዋለሽ። እዚህ ከእኔ ጋር ብትሠሪ ሲጀምር ታዪዋለሽ። ኦፕራሲዮን ክፍል ገብተሽ ሲጀምር ካላየሽው፣ መጨረሻው ያንቺው ነው።»

«ዕድሉ ያመልጠኛል።»

«ያመልጥሽ ይሆናል» አለችኝ። አላባበለችኝም።

ሦስት ቀን አሰብኩበት። ከዚያ ገብቼ ስሜን አሰረዝኩና ፅኑ ሕሙማን ክፍል እንድመደብ አመለከትኩ። ታደለ ይህን የሰማው ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ሰው በተሰበሰበበት፣ «አልሚ፣ ሰው ከዚያ ክፍል ለመውጣት ይሳላል፤ አንቺ ለመግባት ታመለክቻለሽ? በይ እሺ። እኔ አስተኝቼ ላንቃ፣ አንቺ የማይነቁትን ጠብቂ» አለኝ። ሻይ ቤቱ በሳቅ አለቀ። አብሬ ሳቅኩ። የዘወትር ምክሩ ይህ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ዕድል አልመጣም። በሦስተኛው ዓመት መጣ፤ ያገኘችው ግን የአንድ ባለሥልጣን የሚስት እህት ነች። ስሟን አልጽፍም፤ እሷ ራሷን ታውቃለች። አንድ ወይም ሁለት ዓመት ብዬ የገባሁበት ክፍል አራት ዓመት ያዘኝ።

ምን ተማርኩ? ሲስተር አሰለፈች ወደ አልጋ ስትጠጋ ማሽኑን ቀና ብላ አታይም ነበር። ብርድ ልብሱን ከግርጌ ትገልጥና የበሽተኛውን እግር በመዳፏ ትይዛለች። ከጣቶቹ ጀምራ ወደ ላይ፣ ቅዝቃዜው የት ድረስ እንደሆነ እየዳሰሰች ትሄዳለች። ከዚያ የእጅ ሰዓቷን ይዛ ትንፋሽ ትቆጥራለች፤ ሙሉ አንድ ደቂቃ። እኛ ዐሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥረን በአራት እናባዛ ነበር። አንድ ቀን ደረሰችብኝ።

«ስንት ነው?»

«ሃያ አራት።»

«ስንት ሰከንድ ቆጠርሽ?»

ነገርኳት።

«የቀረውን አርባ አምስት ሰከንድ ማን ተነፈሰልሽ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አባዝቼ አላውቅም።

ሌላም ልማድ ነበራት። አንድን ጥያቄ ለሦስት ሰው ትጠይቃለች። በሽተኛውን፣ አስታማሚውን፣ ከዚያ ደግሞ ዘንቢል ተሸክሞ በር ላይ የቆመውን ዘመድ። «በሽተኛው ያፍራል፣ አስታማሚው ይፈራል፣ ዘንቢል የያዘው ግን የተላከውን ይናገራል» ትል ነበር። ምን መድኃኒት እንደወሰደ፣ ፀበል ጠጥቶ እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ምን እንዳቀመሱት፣ ብዙውን ጊዜ እውነቱን የምናገኘው ከሦስተኛው ሰው ነበር።

አንድ የባጃጅ ሹፌር ከአደጋ በኋላ ሆዱ በኦፕራሲዮን ተከፍቶ፣ ጣፊያው ወጥቶ ወደኛ መጣ። ማሽኑ ላይ ቁጥሩ ሁሉ ደህና ነው። ልጁም ያወራል፤ ባጃጁን ማን እንዳነሳለት ይጠይቀኛል። እግሩን ስይዘው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀዝቅዟል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስመለስ ቅዝቃዜው ጉልበቱ ደርሷል። ሐኪሙን አስጠራሁ። ማሽኑን አየና፣ «ሲስተር፣ ክፍሉ ነው የበረደው» አለኝ። ሲስተር አሰለፈች መጥታ እግሩን ያዘች፤ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ደውላ «አዘጋጁ» አለቻቸው። ሆዱ ውስጥ እየደማ ነበር። ልጁ በእግሩ ሄዶ ወጣ። እሷ በዚያ ሳምንት ስለ ጉዳዩ ያለችኝ፣ «ሩብ ሰዓት ቀደም ብለሽ መመለስ ትችይ ነበር» የሚል ብቻ ነው።

በመጨረሻ ዕድሉ ደርሶኝ ሰመመን ተማርኩ። ስጨርስ ወልቂጤ በኩል ተመደብኩ፤ የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም። ስደርስ የሰመመን ክፍሉ ኃላፊ ታደለ ሆኖ ጠበቀኝ። የዓመታት ልምድ ስላለው ፕሮግራም የሚያወጣው እሱ ነው፤ እረፍቴን የሚፈርመው እሱ ነው። እውነቱን ለመናገር እጁ ቀልጣፋ ነበር፤ የመተንፈሻ ቱቦ ሲያስገባ ከኔ ይበልጣል። ዓይኑ ግን ማሽኑ ላይ ነው። እኔ የበሽተኛ እግር ስይዝ ሲያየኝ፣ «አልሚ፣ ጫማ ልትለኪለት ነው?» ይለኛል። ሁለት ጊዜ፣ ማሽኑ ሳይናገር የእሱን በሽተኛ መድከም ነግሬዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ አላመሰገነኝም። እኔም ከሁለተኛው በኋላ ራሴን ከፍ አድርጌ ማየት ጀመርኩ። ከፅኑ ሕሙማን ክፍል የመጣሁት እኔ ነኝ፣ እሱ ምን ያውቃል እል ነበር። ይህን የምጽፈው ደስ ብሎኝ አይደለም። የሚቀጥለው ነገር ያለሱ ስለማይገባ ነው።

የመስቀል ሰሞን ነበር። ግማሹ ሠራተኛ አገር ቤት ሄዷል፤ ቀዶ ሐኪሙም ሥራውን ጨርሶ ለመውጣት ቸኩሏል። የመጀመሪያዋ በሽተኛ ምሕረት የምትባል የሃያ አራት ዓመት ሴት ናት፤ አንገቷ ላይ ያለው እንቅርት ሊወጣላት ነው። ከአታት ወዲያ ካለ መንደር ናት፣ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። ባሏ ክፍሌ ወልቂጤ ቆርቆሮ ይሸጣል። ያስታመመቻት እናቷ እትዬ በለጡ ነች። ማታ ስትተኛ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምግብም ውኃም እንዳትቀምስ ተነግሯታል።

በሩ ላይ ጠየቅኳት።

«በልተሻል?»

«አልበላሁም፣ ሲስተር።»

«ጠጥተሻል?»

ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ፀጉሯ ላይ ቅቤ ነበር። «በመስቀል ሳልቀባሽ አትሄጂም ብላኝ ነው፣ እናቴ» አለችኝ እያፈረች። በዚያ ሰሞን ያልተቀባ ማን አለ? ኮሪደሩ ሁሉ ቅቤ ቅቤ ይላል። ፀጉሯን በጨርቅ ቆብ ሸፈንኩላት።

ታደለ ከሚቀጥለው ክፍል ብቅ አለ። «አስታማሚዋን ጠይቀሻል?» አለኝ።

የሲስተር አሰለፈችን ጥያቄ ነበር የጠየቀኝ፤ ከማን እንደሰማው አላውቅም፤ ምናልባት ከኔው። እትዬ በለጡ ከበሩ ውጪ፣ ዐሥር እርምጃ ርቀት ላይ፣ ፔርሙዝ አቅፋ ቆማ ነበር። ከእሱ አፍ ስለመጣ ብቻ ውስጤ ተቃጠለ።

«ሥራዬን አታስተምረኝ» አልኩት። በሩን ዘጋሁ።

ጭምብሉን ፊቷ ላይ ላደርግ ጎንበስ ስል ቅቤ ሸተተኝ። የሸተተኝ ከትንፋሿ ነው። ሁለተኛ ጎንበስ ብዬ ላሸት እችል ነበር። የፀጉሯ ነው ብዬ አለፍኩ። አፍንጫዬ ነግሮኝ ነበር፤ አራት ዓመት ያሠለጠንኩት አፍንጫ ነው።

መድኃኒቱን ሰጠኋት፤ ተኛች። ቱቦ ላስገባ አፏን ስከፍት ነጭ ነገር ከጉሮሮዋ ወጣ። ጉራጌ አገር ያደገ ሰው ቡላ መሆኑን ለማወቅ ሁለት ጊዜ ማየት አያስፈልገውም። ወፍራም የቡላ ገንፎ፣ ላዩ ላይ ቅቤ የተንሳፈፈበት። አልጋውን ወደ ራስጌ አዘቀዘቅን፣ በጎን አዞርኳት፣ መምጠጫውን አስገባሁ። ቡላ እንዴት እንደሚያጣብቅ የታወቀ ነው፤ መምጠጫው ተደፈነ። ሌላ ቀየርን፣ እሱም ተደፈነ። በጣቴ እየጠረግኩ ታደለን ጠራሁት። ሮጦ መጣ። ሁለታችን ተጋግዘን የመተንፈሻ ቱቦውን አስገባን፤ ኦክስጅኗ ቀስ እያለ ወጣ። ሳንባዋ ውስጥ የገባው ግን ገብቷል።

በመተንፈሻ ማሽን ላይ ስድስት ቀን ቆየች። ተራዬ ባይሆንም ስድስቱንም ቀን አጠገቧ ዋልኩ። የማውቀውን ሁሉ ሠራሁ፤ አገላበጥኳት፣ ሳንባዋን አጸዳሁ፣ ትንፋሿን ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ። በአምስተኛው ቀን እግሯ ቀዘቀዘ። ቅዝቃዜው ወዴት እንደሚሄድ አውቀዋለሁ። በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሞተች።

በመጀመሪያው ቀን፣ ገና በማሽን ላይ ሳለች፣ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ፣ ለታደለ ነገርኩት።

«ሸቶኝ ነበር» አልኩት።

«ምን?»

«ቅቤ። ከአፏ። የፀጉሯ መሰለኝ።»

በሩ ላይ ያልኩትን እንዲያነሳ ጠበቅኩ። አላነሳም። «ይህን ለእኔ አልነገርሽኝም» አለኝ። ከዚያ ተቀምጦ ሪፖርቱን ጻፈ። በሽተኛዋ ተጠይቃ አልበላሁም ማለቷን፣ አስታማሚዋ ትእዛዝ ጥሳ በድብቅ መመገቧን። አነበበልኝና፣ «ውሸት አለበት?» አለኝ። አልነበረበትም። ፈረምኩ።

ኮሪደሩ ላይ እትዬ በለጡና ክፍሌ ቆመው ነበር። ታደለ፣ «እናት፣ እንዳትቀምስ ተብሎ አልነበረም?» አላት።

«ባዶ ሆዷን ቢላዋ ፊት ላቅርባት?» አለች እትዬ በለጡ። «ምን ሰጠኋት? ትንሽ ቡላ ነው። ጉልበት እንዲሆናት ብዬ። እሷማ እንቢ ብላኝ ነበር፤ ለምኜ ነው ያጎረስኳት።»

ክፍሌ ዞር ብሎ አያት። እኔ ከታደለ ኋላ ነበርኩ። አስታማሚዋን ዐሥር እርምጃ ሄጄ ሳልጠይቅ መቅረቴን፣ ሸትቶኝ ማለፌን ለመናገር አፌን መክፈት ይበቃ ነበር። ቆሜ ቀረሁ።

ታደለ ነገሩን አንድ ቀን እንኳ አንስቶብኝ አያውቅም። በዕረፍት ወይም በፕሮግራም ስንጣላ ግን፣ «ተይ አልሚ፣ እኔና አንቺ እንተዋወቃለን» ይለኛል፤ ያወጣውን እቀበላለሁ። ለዓመታት የጠላሁት በዚህ ነው። ያዳነኝን ሰው ሳየው የሠራሁት ትዝ ይለኛል። ለሻይ ቤቱ ቀልድ ይቅር ብዬው ነበር፤ ለዚህኛው ደግነቱ ግን እስካሁን አልቻልኩም።

ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ሲቀረኝ አንዲት አሮጊት የሐሞት ጠጠር ሊወጣላት መጣች። ካርዷን ሳይ አወቅኳት። እሷ አላወቀችኝም፤ ያኔም ያየችኝ በጭምብል ነው። ከአጠገቧ ሰው አልነበረም።

«አስታማሚዎ የት አሉ?»

«የለኝም።»

«በልተዋል?»

ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ። «ልጄ፣ ከትናንት ምሳ ወዲህ ውኃ አልነካሁም። እኔ ኦፕራሲዮን ለሚገባ ሰው ምግብ የማስጠጋ ሰው አይደለሁም። አንድ ልጄን በእጄ ነው የገደልኩ። የልጇን ልጅ እንኳ እንዳላይ አባቷ ከልክሎኛል። እናቷን ያጎረሰ እጅ አይነካትም ብሎ። አሁን ዐሥር ዓመት ሆኗታል፤ መንገድ ላይ ብታልፈኝ አላውቃት።»

እጇን ያዝኩ፤ መርፌውን አስገባሁ፤ አስተኛኋት። በሰላም ነቃች። ምንም አልነገርኳትም። ከማስተኛቴ በፊት ግን ነርሷን፣ መዝገቡንና ራሷን ጠይቄ ነበር፤ ሦስቱንም።

ለሚደውሉልኝ ወጣቶች የምለው ይህንን ነው። አዎ፣ መጀመሪያ እዚያ ሥሩ። ያ ክፍል አንድ ነገር ሲጀምር እንድታዩ ያደርጋችኋል። እኔም ያን ቀን ሲጀምር አይቼዋለሁ። ያላየ ሰው ሰበብ አለው፤ እኔ የለኝም። አራት ዓመት ተምሬ፣ አንድ የምጠላው ሰው ትክክለኛውን ጥያቄ ስለጠየቀኝ ብቻ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ከሽኝቱ በኋላ ስድስት ወር ቤቴ ተቀመጥኩ። የሚቀጡኝበት ነገር አልቀረም፤ ሥራም የለኝ። ባለፈው ወር በሚኒባስ ወደ አታት ወጣሁ። እትዬ በለጡ ከእንሰቱ ጓሮ ብቅ ስትል አወቀችኝ።

«ሲስተር! ምነው፣ ረስታችሁት የቀረ ጠጠር አለ እንዴ?»

ያን ቀን ሸትቶኝ ማለፌን፣ እሷንም አለመጠየቄን ቆሜ ነገርኳት። የቡኢና የአታት ጉራጌኛ ስለሚለያይ የተነጋገርነው በአማርኛ ነው፤ እንድትረዳው ሁለት ጊዜ ነገርኳት።

«አምና እጄን ይዘሽ ስታስተኚኝ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ምነው ዝም አልሽ?»

«ፈራሁ።»

«እኔን?»

«ሥራዬን።»

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ለኔ ምን ያደርግልኛል?» አለች። «እኔ መስጠቴን አውቃለሁ። ሰጥቻታለሁ፤ ያ አይፋቅም። ነጠላዬን ልልበስ። ክፍሌ አሁን ሱቁ ነው። እዚያ ትደግሚዋለሽ።»

በሚኒባስ ወደ ወልቂጤ ወረድን። የእኔንም የእሷንም ልከፍል ስል እጄን መለሰችው።

ክፍሌ ሸብቷል። «ምን ልታዘዝ፣ እናቴ?» አለኝ። ከኋላዬ እትዬ በለጡን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «እኛ ተነጋግረን ጨርሰናል» አላት።

«እኔ አይደለሁም የምናገረው» አለች፤ ከደፉ ሳታልፍ። «እሷ ናት።»

ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። ከዚያ የቀረውን፣ ከበሩ እስከ ፊርማው፣ ምንም ሳላስቀር ነገርኩት።

«አፏ ቅቤ ሸቶሽ ነበር» አለ።

«ሸቶኝ ነበር።»

«እሳቸው ውጪ ቆመው ነበር።»

«ነበሩ።»

«አልጠየቅሻቸውም።»

«አልጠየቅኩም።»

«ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር» አለች እትዬ በለጡ ከደፉ። «ለምን እደብቃለሁ? እዚያው እነግራት ነበር።»

ክፍሌ የሚስማር ሣጥኑን ክዳን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። «ልጄ፣ እማዬ ምን ሆና ሞተች ስትለኝ ምን እያልኩ እንዳሳደግኳት ታውቂያለሽ?» አለኝ።

ወደ እትዬ በለጡ ዞርኩ።

«አንቺ ውጪልኝ» አለኝ። ቀጥሎ እኔን ሳያይ፣ «እሳቸው ይቀመጡ» አለ።

ወጣሁ። ከኋላዬ በርጩማ ሲጎተት ሰማሁ።